እምቢ ስል ጨዋ፣ ዝም ስል ሙሽራ

ወንድ አምሮኝ አያውቅም። ሴትም እንዲሁ። የከዳኝ ፍቅረኛ የለም፣ ለመመንኮስም አላሰብኩም። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲሁ ነው የተፈጠርኩት። ይህን ለአክስቴ ስንት ጊዜ ነገርኳት! እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ጨዋ ናት» ትላለች።

ሮም ውስጥ ባዳንቴ፣ የአረጋዊ አስታማሚ ነኝ፤ ሳምንቱን አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ሳጥብና ሳጎርስ እሰነብታለሁ። እሑድ ኤስኲሊኖ ሰፈር ወዳለው የአክስቴ ቤት እመለሳለሁ። ባለፈው ዓመት በአንዱ እሑድ ሦስት ሽማግሎች መጡ፤ ሥራም ሶጆርኖም፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድም፣ ያለው ሰው ልኳቸው ነው። «አላገባም» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሄዱ። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ እምቢ ያላለች ልጅ ትታማለች፤ ለካ ወጉን የጠበቅኩ መስሏቸዋል።

በሁለተኛው ጊዜ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አባቶቼ፣ ከማንም ጋር መተኛት አልፈልግም። ፈልጌም አላውቅም» አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ ጭናቸውን መትተው ሳቁ።

«እንዲህ ዓይነቷን ነው የምንፈልገው! ያልተነካች!»

ገበያ ላይ ሐብሐብ አንኳኩተው የመረጡ ነበር የሚመስሉት።

ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ሳህን የሚያጥብ ጓደኛ አለኝ። እሱም እንደኔው ነው፤ አንድ ቀን ደፍሮ ተናገረ። ጨዋ ያለው የለም። «ስልብ ነው» ተባለ፣ «መተት ነው» ተባለ፣ ጠበል ወሰዱት። አንድ ዓይነት ቃል ተናግረን እሱ በሽተኛ፣ እኔ ደግሞ ጥሩ ሚስት ሆንን። የሰማን ግን ማንም የለም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ደከመኝ። ለማን ልናገር? ፊታቸውን ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ይኼኔ አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው! ሽማግሎቹም ተነሥተው ይመርቁኝ ጀመር።

«ኧረ እሺ አላልኩም!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝምታ መስማማት ነው፤ ሌላው ሲኖሩት ይለመዳል» አሉ ትልቁ፣ ምርቃታቸውን ሳያቋርጡ።

ይለመዳል! በእኔ ገላ ላይ የሚሆነውን ነው እንግዲህ ይለመዳል የሚሉት። ያን ቤት፣ ያን እልልታ፣ የእነዚያን ሽማግሎች እርካታ ተጸየፍኩት። ጓዳ ገብቼ ልብሴን በሻንጣ ጠቀጠቅኩ። ከአሮጊቷ ቤት ስወጣ ሮም ውስጥ ከዚያ ቤት ሌላ ማደሪያ የለኝም፤ ያንን እያወቅኩ ነው የወጣሁት።

አክስቴ በሩ ላይ ክንዴን ያዘች። «አሎራ፣ ታዲያ ማነው?»

«ማን ማነው?»

«የሚወስድሽ ወንድ ነዋ!»

«ማንም የለም፣ አክስቴ።»

መንገዱን ተሻግሬ ትራም ፌርማታው ላይ ስቆም ቀና አልኩ። በረንዳው ላይ ወጥታ፣ የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ እያየች፣ ወንዱን ትፈልግ ነበር።