የአምስት ሰው ድርሻ

ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ በራሴ አፈርኩ። ቤታችን ውስጥ የሚያጨስ ሰው የለም፤ እኔም ሲጋራ ይዤ አላውቅም። ከአገር ተሰዶ የመጣ ሰው ስንት የሚጻፍ ነገር እያለው፣ ከመርከብ ላይ ስለተገዛ አምስት ስቴካ ሲጋራ ማን ማንበብ ይፈልጋል? እንዲህ እያልኩ ጀምሬ ተውኩት፣ እንደገና ጀምሬ ተውኩት። ነገር ግን እናቴ በዚያ ሲጋራ የተነሳ በረዶው ጥሎ እስኪቀልጥ ድረስ በሰላም አልተኛችም። አጠገቧ ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ። ቁም ነገር ይሁን አይሁን አንባቢ ይፍረድ።

እናቴ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ቤልትላይን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ትሠራለች። በገና ግብዣ ላይ ለሠራተኞች ዕጣ ሲወጣ፣ ለሁለት ሰው የአላስካ የመርከብ ጉዞ ደረሳት። አባቴ ታክሲ ስለሚነዳ ሥራውን ትቶ መሄድ አልፈለገም። ሁለቱ ወንድሞቼ ገና ትንንሽ ናቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውኝ ስለነበር፣ በ1996 ኦገስት መጨረሻ ላይ አብሬያት እንድሄድ ተወሰነ።

ይህን የሰሙት የአባቴ ታላቅ ወንድም ከሚኖሩባት ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ መጡ። እኛም እናቴም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ካልጋሪ የገባን ቀን ኤርፖርት ቆመው የተቀበሉን፣ አቢዴል ሰፈር ያለውን ቤታችንን ያገኙልን እሳቸው ናቸው። ሲጋራ ግን አይለያቸውም። እናቴ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ስለሆነች፣ እኛ ቤት ሲመጡ በረዶም ቢሆን ውጭ ወጥተው ነው የሚያጨሱት።

«መርከብ ላይ ዲዩቲ ፍሪ አለ» አሏት፤ «ቀረጥ የለበትም። ስትመለሺ ስቴካ ስቴካውን ያዥልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ሲጋራ ልሸከም?»

«ተሸከሚ አልኩሽ እንጂ አጭሺ አላልኩሽም።»

«ፓስተራችን ቢያዩኝስ?»

«ፓስተርሽ አላስካ ምን ያደርጋሉ? ዓሣ ነባሪ ሊያጠምቁ ነው?»

አባቴ ሻዩ ትን አለው። እናቴ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። ነገሩ ግን እዚያው አለቀ፤ እሺ አለች። በእኛ ዘንድ መንገድ የሚሄድ ሰው የሰው ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ለባል ታላቅ ወንድም ደግሞ እምቢ አይባልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔና ወንድሞቼ ከአባቴ ጋር ቀደም ብለን ዜግነት አግኝተናል። እናቴ በእንግሊዝኛዋ ፈርታ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ደፍራ ተፈተነች፤ አለፈች፤ የቀራት ለዜግነት መሐላው መጠራት ብቻ ነበር። ካናዳ ከመግባታችን በፊት፣ በስደት ሱዳን ሳለን ወረቀቷን አንድ ወታደር ኬላ ላይ ነጥቋት፣ ያለ መታወቂያ ዓመታት ኖረናል። በር ሲንኳኳ እጇን አፌ ላይ ትጭን እንደነበር አስታውሳለሁ። ካልጋሪም መጥታ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ስታይ፣ የአውቶቡስ ሾፌር እንኳ ቢሆን፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታጠብቃለች። «ዜጋ ከሆንኩ ማንም ተነስተሽ ሂጂ አይለኝም» ትል ነበር። ከዚህ ሌላ ከካናዳ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

መርከቡ ላይ እናቴ ደስተኛ ነበረች ማለት እችላለሁ። የአልጋ አንሶላ ሌላ ሰው ሲያነጥፍላት ማየት መጀመሪያ አሳፈራት፤ በኋላ ለመደችው። አንሶላው በደንብ አልተተኮሰም ብላም አማችው። ሱቁ የገባን ቀን፣ ካናዳ ለሚወርድ መንገደኛ ለአንድ ሰው አንድ ስቴካ ብቻ እንደሚፈቀድ የሚገልጽ ጽሑፍ ባንኮኒው ላይ ተለጥፎ አየሁና ተረጎምኩላት።

«ጥሩ» አለች፤ አምስት ስቴካም አነሳች።

«እማዬ፣ ለአንድ ሰው አንድ ነው የሚለው።»

«ሰምቻለሁ። እኛ ቤት ስንት ነን? አምስት አይደለንም?»

«አባዬና ልጆቹ እኮ እዚህ የሉም።»

«ስኳር ሲታደል ሁላችንም ነበር የምንሰለፈው? አንዱ ይሄዳል፣ የቤቱን ይዞ ይመጣል። ቤት የቀረ ሰው ድርሻው ይቀራል እንዴ?»

እናቴ አዲስ አበባ ያደገችው የቀበሌ ሱቅ ስኳሩንም ሳሙናውንም በቤተሰብ ቁጥር በሚሸጥበት ዘመን ነው። ሱዳንም መጠለያ ውስጥ ዱቄት የሚሰፈረው እንደዚያው ነበር። ለእሷ «ለአንድ ሰው» ማለት ለቤተሰቡ በነፍስ ወከፍ ማለት ነው። ነገሩ ጥርጣሬ አሳደረብኝ፤ እሷ ግን ሻጯ ዝም ብላ ስትሸጥላት የልብ ልብ ተሰማት።

ዕቃው የተሰጠን ወዲያው አይደለም። ከቀረጥ ነጻ የተገዛ ሁሉ ታሽጎ የሚመጣው ወደብ በምንደርስበት ዋዜማ ነበር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከረጢቱ ክፍላችን ሲደርስ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ሮጬ ሻጯን ጠየቅኳት። ድርሻው አብሮ ለሚጓዝ ሰው ብቻ ነው አለችኝ፤ የተሸጠ ሲጋራ ደግሞ አይመለስም። ለእናቴ ስነግራት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ ምን ነበር ያሉት?» አለች።

ጋሼ ከመነሳታችን በፊት፣ ከበዛ ስቴካውን ቀዳችሁ ፓኮ ፓኮውን ልብስ መሃል በትኑት ብለውን ነበር። እሱን አስታወስኳት።

«አላደርገውም። እንዲህ ያለ ነገር ደብቄ ተይዤ፣ ከዚያ በእግዚአብሔር ስም ልምል?»

በማግስቱ ጠዋት ቫንኩቨር ወረድን። የጉምሩኩ ሰውዬ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ በመሀረብ አፍንጫውን እየጠረገ፣ በትሕትና ነው ያነጋገረን። እናቴ ሳትጠየቅ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። እሱ አምስቱን ካየ በኋላ ወደ ሁለታችን ተመለከተ።

«ሁለቱን መውሰድ ትችላላችሁ፤ ለራሳችሁ ከሆነ። ለቀረው ቀረጥ ትከፍላላችሁ፣ ወይም ትታችሁት ትሄዳላችሁ» አለ።

ተረጎምኩላት። ለራሳችን ከሆነ የምትለዋ ላይ እናቴ ቀና አለች።

«ምን ልትይው ነው? እናቴ ታጨሳለች ልትይው ነው?»

«እማዬ፣ ሁለቱን ከወሰድን ይበቃል እኮ።»

«ኖ» አለችው ለሰውዬው፣ እኔን አልፋ። «ኖ ስሞክ። ሚ ክርስቲያን። ፎር ብራዘር።»

ሰውዬው ሳቅ እንዳያመልጠው ይመስለኛል መሀረቡን አፉ ላይ አደረገ። ሲጋራውን በሙሉ ትተን ወጣን። ከመውጣታችን በፊት ግን ፓስፖርቴንና የእሷን የጉዞ ሰነድ ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። እናቴ ጣቶቹን እያየች ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሲጋራውን ትታ የምታወራው ስለ እነዚያ ጣቶች ሆነ፤ መዝግቦኛል፣ ከእንግዲህ አያስምሉኝም ትላለች።

ጋሼ ታሪኩን ሲሰሙ መጀመሪያ ከት ብለው ሳቁ። «ሁለቱን እንኳ አታመጡልኝም? ዘመድ አይደለሁም?» አሉ። የእናቴን ፊት ሲያዩ ሳቁን አቆሙ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጀመርኩ። ክፍል ተቀምጬ አስተማሪው የሚለው አይገባኝም ነበር፤ አሁን ቤት ምን እያሰበች ይሆን እላለሁ። ለጉምሩክ ቢሮ ስልክ ደውዬ፣ ዕቃውን ራሱ ያሳየ ሰው ጥፋት እንደማይመዘገብበት አረጋገጥኩና እየሮጥኩ ነገርኳት።

«ማነው እንደዚህ ያለሽ?»

«ስልክ ያነሳው ሰውዬ።»

«ስሜን ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ስለ እኔ ምን ያውቃል?»

«እሺ፣ ስምሽን ልንገረው?»

«እንዳትሞክሪ!»

አብረዋት የተፈተኑ ሁለት ሴቶች በኖቬምበር ተጠርተው ማሉ። እሷ አልተጠራችም። የዜግነት ጽሕፈት ቤቱ ተራ እስኪደርስ ነው ይላል። እሷ ግን ምክንያቱን ያወቀች መስሏታል። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲባል እናቴ ዝም ትላለች፤ ለምኑልኝ ካለች ስለ ምን እንደሆነ ሊጠይቋት ነው። ቀስ በቀስ ከመዘምራኑም ቀረች። ሥራ ውላ ስትመጣ ኮቷን ሳታወልቅ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ፣ «እማዬን ሊወስዷት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይወስዷትም አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ግን ድምፄ የሱን ያህል ፈርቶ ነበር።

ጋሼም መምጣት ቀነሱ። አንድ ቅዳሜ በረዶ እየጣለ መጡና፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልሂድና ያዘዝኳት እኔ ነኝ ልበላቸው?»

«ጋሼ፣ እባክዎ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩብኝ።»

«እኔ እኮ የሰው ልጅ በሲጋራ እንዲህ…»

«ይግቡ፣ ብርድ ነው» አለቻቸው። ገቡ፤ ሻይ ጠጡ፤ ሄዱ። አባቴ፣ «ወንድሜን እንዲህ አይቼው አላውቅም» አለ።

በመጨረሻ በማርች ተጠራች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን እንደተከለከልኩ ሊነግሩኝ ነው የጠሩኝ አለች። አባቴ ሥራውን ትቶ ሁላችንንም ይዞን ሄደ። አዳራሹ መግቢያ ላይ አንዲት ሴትዮ ሰዎቹን እየተቀበለች ትመዘግባለች። የእናቴ ተራ ሲደርስ፣ ለሁሉም የምትጠይቀውን ጠየቀቻት፤ ከፈተናው ወዲህ ከሕግ ጋር ያጋጨሽ ነገር አለ ወይ? ተረጎምኩ።

«ንገሪያት» አለች እናቴ።

«ምኑን?»

«ሲጋራውን።»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ፤ እሷ የጠየቀችው ስለ ወንጀል ነው።»

«የምትፈርጂው አንቺ አይደለሽም። ንገሪያት።»

ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል። አባቴ ወለሉን ያያል። ነገርኳት፤ አምስቱን ስቴካ፣ ጉንፋን የያዘውን ሰውዬ፣ እናቴ እጄን እየጎተተች ስለወተወተችኝም የቀበሌውን ስኳር ጭምር። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ስትጠየቅ ደብቃ ነበር?»

«የለም። ሳትጠየቅ ነው ያሳየችው፤ ሁሉንም ትታ ነው የመጣችው።»

«እንደዚያ ከሆነ ከዛሬው ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም» አለች፤ እኔን ትታ በቀጥታ ለእናቴ፣ በዝግታ። «ቦታሽ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው።»

ተረጎምኩላት። አልተንቀሳቀሰችም። ደግሜ ተረጎምኩላት። ያኔ ብቻ ቦርሳዋን ከደረቷ አወረደችና ሄዳ ተቀመጠች። ቀኝ እጇን አንስታ ስትምል፣ ለንግሥቲቱና ለወራሾቿ ታማኝ እሆናለሁ የሚለው ቃል ላይ ተደናቀፈች፤ ከጎኗ ያለችው ሴት ስትል ሰምታ ቀጠለች። ከጣሪያው ሥር ያለው መብራት ፊቷ ላይ ነበር፤ ደክሟት ነበር፣ በጣም።

ያ ቀን ዓርብ፣ ማርች 14፣ 1997 ነበር።