ለመርዶ የደረሰ ዐይን

የጉርድ ሾላ መንገድ ለባቡሩ ሀዲድ ተቆፋፍሮ አቧራው አላስወጣ አላስገባ ባለበት ዘመን፣ እዚያው አካባቢ አንድ የዐይን ክሊኒክ ውስጥ የኮርኒያ ፎቶ አነሳ ነበር። ኮርኒያ ከብሌኑ ፊት ያለው፣ እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ዐይኑን በጠብታ አደንዝዤ፣ የማሽኑን ጫፍ ጄል ቀብቼ ሳስጠጋው ሴሎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ዐይን ሲቆጣ በሽታ ተከላካዮቹ ሴሎች ይጎርፋሉ፤ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ሆነው፣ እጅና እግር አብቅለው ይወጣሉ። ሊከላከሉ መጥተው ከበዙ ሽፋኑን ራሱን ይበሉታል። ሥራዬን እወደው ነበር፤ አርፎ የሚቀመጥ ታካሚ እስካገኘሁ ድረስ።

አንዲት ታካሚዬ የነበሩ እናት ግን አርፈው የሚቀመጡ አልነበሩም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው ቤታቸው። አንድ ዐይናቸው ድሮ በትራኮማ ጠፍቷል፤ የቀረው ደግሞ ቆስሎ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። አገጫቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነው ልጃቸው ያወሩኛል።

«አይናገሩ እማማ፣ ፎቶው ይበላሻል።»

«እሺ ልጄ። ብቻ ከደወለ ቆየ። ኔትወርክ ነው ይሉኛል።»

እሳቸው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ታናሽ ወንድማቸው እኔና ሐኪሙ ወዳለንበት ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ልጁ መኪና ተገልብጦበት ሞቷል፤ ተቀብሯልም። እናቱ መርዶ አልተረዱም።

«ዶክተር፣ ዐይኗ ይችለዋል ወይ?» አሉ።

«እንባው አይጎዳቸውም፤ ማሸቱ ነው» አለ ሐኪሙ። «ኮርኒያው ሳስቷል። ፊታቸውን ቢመቱ ወይም ዐይናቸውን ቢያሹ ሊበሳ ይችላል። ሴሎቹ ከፎቶው ላይ እስኪጠፉ ታገሱ።»

ተናደድኩ። የእናት ሐዘን በማሽን ሲቀጠር ሰምቼ አላውቅም። ግን ምን ልበል? ያን ቀን ቢረዱ ልጃቸውንም ዐይናቸውንም ባንድ ላይ ሊያጡ ነው።

ከዚያ ወዲያ እማማ በመጡ ቁጥር ነጮቹ ሴሎች እየሳሱ ሄዱ። ሐኪሙ ደስ ይለዋል፤ እኔ የመርዶው ቀን መቅረቡን እቆጥራለሁ።

«ዛሬስ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

«እየተሻለዎት ነው።»

«ስልኩ ቢሠራ ለልጄ እነግረው ነበር። አሁንም ኔትወርኩ ነው?»

«ኔትወርኩ ነው» አልኳቸው። ማሽኑ ፊታችንን ስለሚጋርደን አመሰገንኩት።

አንድ ጠዋት ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ደግሜ አነሳሁ። ጠርዙ ላይ፣ ጠባሳው ሥር፣ ከላይ፣ ከታች ፈለግሁ። ሌላ ጊዜ እንዳይኖሩ የምመኛቸውን ሴሎች ያን ቀን አንድ ሁለት እንኳ ባገኝ ብዬ ተመኘሁ፤ የመርዶው ቀጠሮ ይራዘም ነበር። አንድም የለም። ለሐኪሙ ነገርኩት።

ወንድማቸው ሁሉን አሰናድተው ነበር። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ይመጣሉ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ጠንካራ ሴቶች አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ይይዛሉ። ለዚያች ዐይን ያልታሰበላት ነገር የለም።

ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች አሳያቸው። ትልልቆቹን ለዩ፤ ከዚያ ትንንሾቹንም። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ወንድማቸው ድምፃቸውን ሰምተው ገቡ።

«እስቲ ቅረብ፣ ልይህ!» አሉ እማማ።

ወንድማቸው እንደ መሳቅ እያሉ ቀረቡ። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ከቀብሩ ወዲህ ምላጭ ያልነካው ጢም ፊታቸውን ወርሶታል። በዚሁ ልብስ፣ በዚሁ ጢም፣ እጃቸውን ይዘው ሲያመላልሷቸው ነው የከረሙት። ዐይኑ ማልቀስ እስኪችል ስንጠብቅ፣ ማየትም እንደሚችል ሐኪሙም፣ ወንድማቸውም፣ እኔም አላሰብንም።

የእማማ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። እጃቸውን ዘርግተው ጢሙን ዳበሱት።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አሉ።

ወንድማቸው ተንበረከኩና ሁለቱንም የእማማን እጆች አጥብቀው ያዙ።