አጎቴ ለወጣቶች የከፈቱት ክፍል

አጎቴ በደሴ ከተማ፣ ሆጤ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይነግዱ ነበር። በደርግ ጊዜ ከኮምቦልቻ ወዳጆቻቸው ጋር የሰደቃ ገንዘብ አሰባስበው ከሱቁ ጀርባ ላለችው ክፍል የስፌት መኪናዎች ገዙ። ሥራ ያጡ ወጣቶች እዚያ ሙያ ይማሩ፣ የከበዳቸውንም ለአጎቴ ያዋዩ ነበር። አጎቴ ማንም ቢመጣ አስቀድመው ምሳ መብላቱን ይጠይቁ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እዚህ ተሰብስባችሁ የምትዶልቱት ምንድን ነው?» አለ። ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበርና መቀሱን አስቀመጥኩ። አጎቴ ግን፣ «አረፍ በል ልጄ። ምሳ በልተሃል?» አሉት።

አልበላም ነበር። አብሯቸው ሲበላ ሐርቡ ከተማ ያሉት እናቱ መታመማቸውንና ሄዶ እንዳይጠይቃቸው ፈቃድ መከልከሉን ነገራቸው።

«አላህ ያሽራቸው። ነገ ወርጄ እጠይቅልሃለሁ» አሉት አጎቴ።

እንዳሉትም ሄደው የእናቱን ሰላምታ ይዘውለት ተመለሱ። ካድሬው ክፍሉን አልዘጋም። ይልቁንም ታናሽ እህቱን ይዞ መጣና፣ «ስፌት ያስተምሩልኝ» አለ።

አጎቴ ካረፉ በኋላ የስፌት መኪናዎቹ ቆመው ነበር። ባለፈው ሰኞ ያቺ የካድሬው እህት መጥታ አቧራቸውን ጠረገችና አዳዲስ ልጆች ማስተማር ጀመረች። በአጎቴ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እስካሁን የደፈረ የለም። እኔ ግን የልጆቹን ሳቅ ከሱቁ ሆኜ ስሰማ ሐዘኔ ይቀልልኛል። አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸው።