ጠባሳው በየት በኩል ነበር

ጋሽ ብሩሽ ያላቀናው አፍንጫ፣ ያልገጠመው ጥርስ በሠፈሩ ውስጥ አልነበረም። ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ ፎቶ አንሺ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሥቶ በቀጭን ብሩሽ የውኃ ቀለም ይቀባዋል፤ ጉንጩን ያቀላዋል፣ ሰማዩን ያጠራዋል፣ ራሰ በራውን ባለ ጎፈር ያደርገዋል። «ካሜራው የሚያነሣው ፊት እግዜር የጻፈው ረቂቅ ነው፤ በንጹሕ የሚጽፈው ጋሽ ብሩሽ ነው» ይባልለት ነበር። ከእሱ ዘንድ ጉርድ ፎቶ ተነሥቶ ሥራ ሊቀጠር የሄደ አንድ ሾፌር «ባለ ፎቶው ራሱ ይምጣ» ተብሎ ከበር ተመልሷል። አንዲት ጥርሰ ገጣጣ ሙሽራም የሠርጓን ፎቶ አይታ «ይህቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት?» ብላ ከባሏ ጋር ተጣልታለች ይባላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱ ራሱ የሚያስታውሰው መታወቂያ ሲያሳድስ ብቻ ነበር።

የዚህ ሰው ሚስት ጠባሳ ነበረባት። ከጆሮዋ ሥር ተነሥቶ ጉንጯን አቋርጦ እስከ አገጯ የሚወርድ፣ የተጨማደደ ላስቲክ የሚመስል የቃጠሎ ጠባሳ። በየትኛው ጉንጯ? ጉዱ እዚያ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ልጃቸው ገና በዳዴ በምትሄድበት ዘመን የጠረጴዛውን ጨርቅ ስባ የፈላ ማንቆርቆሪያ በራሷ ላይ ልታወርድ ስትል፣ እናትየው በደረቷ ወደቀችባት። ውኃው እናቲቱን አገኘ። ልጅቱ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ጋሽ ብሩሽ ሚስቱን በየዓመቱ ፎቶ ያነሣታል። ኔጋቲቩ በደረቀ ቁጥር የተሳለ ቢላና ሹል እርሳሱን አንሥቶ፣ በአጉሊ መነጽር እያየ፣ ጠባሳውን ፋቅ ፋቅ አድርጎ ያጠፋዋል። ከክፋት አልነበረም፤ መውደዱን የሚገልጽበት ሌላ መሣሪያ ስላልነበረው ነው። እሷም ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ለስላሳ ሴትዮ እያየች ትስቅ ነበር።

«እሷን ካገባህ እኔን ምን ልትሆን አስቀመጥከኝ?» ትለዋለች።

«አንቺው ነሽ እኮ!»

«እኔ ከሆንኩ ሽንኩርቱን እሷ ትክተፈው።»

ሞተች። ጋሽ ብሩሽም ከፎቶዎቿ ሁሉ ያማረውን አሳድጎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በሬሳ ሣጥኗ ራስጌ አቆመው። ከሩቅ የመጡ ለቀስተኞች ፎቶውን እያዩ «ቤት ተሳስተናል መሰል፤ ይህቺ ወጣት ደግሞ ማን ናት?» እየተባባሉ በር ላይ ይገፋፉ ጀመር። ልጁ ግን አልተገፋፋችም። ፎቶው ፊት ቆመች።

«እማዬ የታለች?» አለች።

ሐዘን ያናገራት መስሎት «ይቻት ልጄ፣ ይቻትልሽ» አላት።

«ይህቺ እናቴ አይደለችም። እናቴ ፊቷ ላይ የተሸከመችው የእኔን ቃጠሎ ነው። እሱን ነው የፋቁት።»

ጋሽ ብሩሽን የገደለው «የፋቁት» ማለቷ ነው። አፍ ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «አንተ» ስትለው የኖረች ልጅ፣ ከዚያ ቀን ወዲያ «እርስዎ» አለችው። ሌላው አባት እንዲህ በመከበሩ ደረቱን ይነፋ ይሆናል። እሱ በር የተዘጋበት ያህል ተሰማው። ቤቱም መምጣት ተወች። እሱ ግን አንዳንዴ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት ያልፋል። ራስ ምታት ሳይኖርበት የራስ ምታት ክኒን የገዛ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የኔጋቲቭ ሣጥኑን አውርዶ አንድ በአንድ መረመረ። ጠባሳ ያለባት አንዲት ሚስት አጣ። ቢላ የፋቀው ኔጋቲቭ አይመለስም። እጁ በዚህ ረገድ እንከን አልነበረበትም።

በዚህ መሀል የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት የውኃ ቀለም ሥዕልና የፎቶግራፍ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላሳይ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ዝናብ ሲዘንብ ከአንባቢ ይልቅ ባልዲ የሚበዛበት ቤት ነው። የሥዕሉ ግድግዳ ከእርሻ መጻሕፍቱ በላይ፣ የፎቶው ግድግዳ ከሕግ መጻሕፍቱ በላይ ሆነ። ኃላፊዋ ትሑት ሴት ናት፤ ድምፅ ላለማሰማት ብዙ ዓመት በጣት ጫፏ ከመሄዷ የተነሣ ቁመቷ ጨምሯል ይባላል። ፎቶ ቤቱ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ እርስዎም አንድ ሥራ ቢያመጡልን» አለችው።

ያን ቀን አንድ ሐሳብ መጣለት። በቢላ የጠፋውን በብሩሽ ቢመልሰውስ?

የኤግዚቢሽኑን ወሬ ለልጁ እንዲያደርስ ጎረቤቱን ፀጉር አስተካካዩን ላከው። ፀጉር አስተካካዩ ምላስ ከመቀስ የሚፈጥንበት ሰው ነው፤ ቢሆንም መልሱን ሳይጨምር ሳይቀንስ አመጣ።

«'የእናቴን ፊት ከሰቀሉ እመጣለሁ' ብላለች። 'የዚያችን የሌላዋን ከሆነ ግን አይልፉ በልልኝ' ብላለች።»

«እመጣለሁ ነው ያለችው?»

«ከሰቀሉ፣ ነው ያለችው። ጆሮህ ደግሞ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው።»

ትልቁን ፎቶ እንደገና አጠበ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ቡናማውን ከቀዩ ጋር ለውሶ፣ ብሩሹን ነከረ። ነከረና ቆመ። በየት በኩል?

አብሯት ያረጀ ሰው እንዴት ይህን ያጣዋል ትሉ ይሆናል። እሱም ራሱን ያለው ይህንኑ ነው። ዐይኑን ጨፈነ፤ ሳቋ መጣለት፣ መቀነቷ መጣለት፣ ጉንጯ ግን ለስልሶ መጣ። ደግነቱ እጁ ያውቃል። ያ እጅ ስንት ጊዜ ፍቆታል! እጁን ከፎቶው በላይ በአየሩ ላይ ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ ወደ ቀኝ ጉንጯ ሄደ። ለማረጋገጥ ያህል ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገባ።

«የሚስቴ ጠባሳ በየት በኩል ነበር?»

«ታላግጣለህ?»

«መልስልኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ የያዘውን ደንበኛ በግማሽ ጢሙ ትቶ መስታወቱን አፍጥጦ አየ። «ምሳ ልታደርስልህ ስትመጣ፣ ሥራህን እስክትጨርስ እዚያ አግዳሚው ላይ ከኋላዬ ትቀመጥ አልነበር? ወሬያችንን የምንሰልቀው በዚህ መስታወት እየተያየን ነው። አሁን እንደማይህ አያታለሁ። በቀኝ ነበር! ብሳሳት ይህ መቀስ ይብላኝ!»

ሁለት ምስክር ተገኘ። ጋሽ ብሩሽ ቀባ። እንደዚያ አድርጎ ቀብቶ አያውቅም፤ ጭምድዱን፣ ወዙን፣ ከአገጯ ሥር የምትታጠፈዋን ጫፍ ሳይቀር። ጨርሶ ሲያያት አለቀሰ። ሚስቱ መጣች።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ኮሚቴው ተፋጠጠ። የሥዕሉ ወገን «ይህ ፎቶ ነው፤ ወደ ማዶ» አለ። የፎቶው ወገን «ቀለም ተቀብቷል፤ ወደዚያ ውሰዱት» አለ። የጦር እስረኛ የሚለዋወጡ ይመስል ሚስትየዋን ከግድግዳ ግድግዳ ሲያመላልሷት ውለው በመጨረሻ መሀል አዳራሹ ምሰሶ ላይ ሰቀሏት። ጋሽ ብሩሽ ግድ አልሰጠውም። ምሰሶው ከበሩ ትይዩ ነበር፤ የምትገባዋ ልጅ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

በመክፈቻው ቀን ሠፈርተኛው ጎረፈ። ከውኃ ቀለም አበቦቹ ፊት ጥቂት፣ ከፀሐይ መጥለቂያ ፎቶዎቹ ፊት ጥቂት ቆመና ሁሉም ምሰሶውን ከበበ።

«ቁርጥ እሷን!» አሉ። «እንዴ! ልትናገር ነው እኮ!»

ፀጉር አስተካካዩ እሱ የወለዳት ይመስል ደረቱን ነፍቶ ምሰሶውን ይዞራል።

ልጁ የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ጋውን ሳታወልቅ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ከሰዉ ትከሻ በላይ አየች። ጠባሳውን አየችው። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«አባዬ!» አለች። «መለስክላት?»

«መለስክላት» አለች፤ ሰምታችኋል። ጋሽ ብሩሽ የሕግ መጻሕፍቱን መደርደሪያ ጨበጠ።

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ምሰሶው ሥር ስትደርስ ሕፃን እንቅልፉ ሲመጣ እንደሚያደርገው ቀኝ እጇን ወደ እናቷ ፊት ዘረጋች። ጣቶቿ መስታወቱ ላይ አረፉ። ያረፉበት ጉንጭ ልስልስ ያለ፣ ቀይ፣ ምንም የሌለበት ጉንጭ ነበር። ጠባሳው በወዲያ በኩል ነው።

እጇን አላነሣችም።

«ፊት ለፊቴ ተኝታ ስታስተኛኝ ይህን እጄን ዘርግቼ ነበር የማገኘው» አለች። «እሱን እየዳበስኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። በግራዋ ነበር።»

«ምናልባት አንቺ ሕፃን ስለነበርሽ...» ብሎ ጋሽ ብሩሽ ጀመረና ተወው። ያን ጊዜ ገብቶታል። ኔጋቲቭ የሚፋቀው በጀርባው ተገልብጦ ነው፤ ተገልብጦ ሲታይ የሰው ግራ ቀኝ ይሆናል። እጁ አልዋሸም፤ የሚያውቀው የተገለበጠችውን ሴት ነበር። ሁለተኛው ምስክርም ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሚያየው በመስታወት ውስጥ ነው።

«ልጄ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ። «የውኃ ቀለም እኮ ነው፣ በእርጥብ ጥጥ ይለቃል። ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ።»

«ማስተካከሉንስ ማን ብሎዎት!» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሆኗን አልረሳችም። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ያን ሁሉ ዘመን አብራችሁ ማዕድ ስትቀርቡ ወዴት ነበር የሚያዩት?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሽ ብሩሽ ዞረ። መልሱን ያውቀው ነበር፤ ወደ ሳህኑ። ሲተኛ ደግሞ ወደ ግድግዳው። ሚስቱን አተኩሮ ያያት በአጉሊ መነጽሩ ሥር፣ ቢላ ይዞ ነው።

«ደኅና ይዋሉ» ብላ ወጣች።

ኃላፊዋ በጣት ጫፏ መጥታ «ጋሼ፣ ከሁሉም የተወደደው የእርስዎ ሥራ ነው፤ እባክዎ እንዳያወርዱት» አለችው። ኋላ የመጡት ሰዎች ምሰሶው ሥር ቆመው «ቁርጥ እሷን!» ይላሉ። የሠፈሩ ሰው አንድም ሳይቀር የሞተችውን ያውቃታል፤ አንድም ሳይቀር አላያትም።

በማግስቱ ጋሽ ብሩሽ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ወንበሩን አዙርልኝ» አለው።

«ወዴት?»

«ወደ አግዳሚው። መስታወቱን አልፈልግም።»

«ወግ ነው! ጆሮህን ብቆርጠው በብሩሽ ልትቀጥለው ነው?» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ግን አዞረው።

አግዳሚው ባዶ ነው። ጋሽ ብሩሽ ፊት ለፊት አየው። ከነጩ ጨርቅ ሥር ቀኝ እጁን አውጥቶ፣ የተቀመጠች ሴት ፊት በሚደርስበት ቁመት ወደ አየሩ ዘረጋና አቆየው። ምላጩ ጉንጩ ላይ ተንሸራተተ።

«አትንቀሳቀስ ብዬሃለሁ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ጉንጭህን ቀድጄ ጠባሳ እንዳላወጣልህ!»

«በየት በኩል?» አለ ጋሽ ብሩሽ።