ሮቢ የተናገረበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ለአንዲት አራስ ጎረቤቴ የሕፃን ብርድ ልብስ ልገዛ ነቀምቴ ገበያ ወጥቼ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ነጋዴዎቹ የሸፈኑበትን ላስቲክ እየገለጡ ውሃውን ያራግፋሉ። አንዷ ሻጭ ከደረደረቻቸው መሃል አንዱን ስባ ዘረጋችልኝ። ሰማያዊ ነው፤ መሃሉ ላይ ቢጫ ሻርፕ ያሰረ ወፍራም ጉማሬ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይስቃል።

«ሮቢ ነው፤ ልጆች ይሞቱለታል፣ ውሰጅው» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኳት። እንዴት እንደማውቀው ግን አልነገርኳትም። ከሰው ጋር ብዙ ማውራት አይሆንልኝም።

ሮቢ በኦሮምኛ ጉማሬ ማለት ነው። የውጭ አገር ካርቱን ነው፤ ዋና ስሙን ማንም ስለማያውቀው የነቀምቴ ልጆች ያወጡለት ስም ነው። ካርቱኑ የተሠራው አያቶቻችን ልጆች ሳሉ ነው ይባላል፤ ያኔ ቀለም እንኳ አልነበረውም። እኔ ልጅ ሆኜ ኡኬ ከተማ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት በዲሽ ያሳየው ነበርና በመስኮቱ ተንጠልጥለን እናይ ነበር። ሮቢ ከዛፍ ይወድቃል፣ ድንጋይ ይጫነዋል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል፤ አንዲት ቃል ግን አይተነፍስም። በአንገር ወንዝ ዳር የሚያርሱት የሰፈራችን ሽማግሌዎች አይጥማቸውም ነበር። እውነተኛው ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ ማሳቸውን ስለሚጠርግባቸው፣ «ይህን የበቆሎ ሌባ ለልጅ ያሳያሉ እንዴ!» ይሉ ነበር።

የሠሩት ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም መሰለኝ። እሱ ግን በደብተር ቦርሳ ላይ አለ፣ በካልሲ ላይ አለ፣ በብስኩት ላስቲክና በባጃጅ ጀርባ ላይ አለ። ስልክ ላይ ደግሞ በኮምፒውተር ተሠርቶ አዲስ ሆኖ መጥቷል፤ ቆዳው እንደ እርጥብ ጭቃ ያብረቀርቃል። እኔ ደግሞ አንድ ክረምት እሱን ለብሼው ኖሬአለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ ቆየት ብሎ ነው ወደ ነቀምቴ የመጣሁት። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ለድግስ ወንበርና ድንኳን ያከራዩ፣ ለልጆች ልደት ቤት ያስጌጡ ነበር። እኔ ፊኛ እነፋለሁ፣ ወንበር አጥባለሁ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ያገለገለ የሮቢ ልብስ ገዝተው መጡ። ወፍራም ስፖንጅ ነው፤ ጭንቅላቱ ከገላው ጋር የተሰፋ፣ ዚፑ በጀርባ በኩል የሚዘጋ። የለበሰው ሰው የሚያየው በጉማሬው አፍ ውስጥ በተወጠረ ጥቁር ወንፊት ጨርቅ ነው።

አዴ ጫልቱ እኛን ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አዩን። «ሮቢ አይናገርም፤ ስለዚህ የማትናገር ልጅ ያስፈልጋል» አሉና ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

መጀመሪያ ወደድኩት። በመንገድ ስሄድ አንገቴን የምደፋ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ ሆኜ ሰው ሁሉ እየሳቀ ያቅፈኝ ነበር። ፊቴን የሚያይ የለም። እየቆየ ግን ልብሱ ከበደኝ። ሙቀቱ አለ፤ የስፖንጁ ሽታ አለ፤ ዚፑን የምትከፍትና የምትዘጋው ደግሞ የሥራ ጓደኛዬ ጋዲሴ ናት። እሷ ካልመጣች አልወጣም። ውሃ ቢጠማኝም፣ ቢያሳክከኝም፣ አንዱ ባለጌ ቢመታኝም አልናገርም።

በዚያው ክረምት ለአረፋ በዓል ወደ ሰፈራችን ሄጄ ነበር። አያቶቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ኡኬ አጠገብ የሰፈሩ ናቸው፤ ያደግነውም በወሎ ደንብ ነው። በበዓሉ ማግስት አጎቴ ይማም ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ጠራኝ። ወፍጮ ቤት ያለው አንድ ሰውዬ ለትዳር እንደሚፈልገኝ ነገረኝና «ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ሰውዬውን አላውቀውም፤ የማውቀው የወፍጮውን ድምፅ ብቻ ነው። አልፈልግም ማለት ፈለግሁ። ግን አንገቴን ደፍቼ የምንጣፉን ዳር ስጎነጉን ቆየሁ።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስለ ባል ስትጠየቅ እሺ ብላ አትመልስም፤ ነውር ነው። ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው። ለደፋሮቹ ይህ ደንብ ምንም አይደለም፤ ካልፈለጉ ይጮኻሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ሮጠው ጎረቤት ይገባሉ። በተፈጥሮዋ ዝምተኛ የሆነች ልጅ ግን ምን ታድርግ? አጎቴ ጭኑን መታ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ» አለና ተነሳ። አባቴ ትንሽ አየኝ፤ እሱም ተነሳ።

ወደ ነቀምቴ ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ነጋዴ ግቢ ለልጅ ልደት ተጠራን። እኔና ጋዲሴ በባጃጅ ሄድን። በጓሮ በኩል ለበስኩ፤ ጋዲሴ ዚፑን ስትዘጋው ጥርሱ ልብሱን ነከሰና መሃል ላይ ተያዘ።

«ተይው፣ ስመለስ እናየዋለን» አለችኝ። «ሻማውን ሱቅ ረስተነዋል፤ ሮጬ ላምጣ። ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እስክመጣ እንዳትሞችብኝ!»

ልጆቹ ከበቡኝ። አንዷ እግሬ ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹ ጅራቴን ይጎትታሉ። ድንኳኑ ውስጥ ሩዝ በፍየል ሥጋ ይበላል፤ ሽታው በወንፊቱ በኩል ይገባል። ልጆቹ እየገፉ ሽማግሌዎች ወደተቀመጡበት ጥግ አደረሱኝ። ቀና ብዬ ሳይ አባቴ ነው። የበዓል ኮቱን ለብሷል። ከጎኑ አጎቴ ይማም፣ ከፊታቸው ሼህ እንድሪስ የሚባሉ የሰፈራችን አዛውንት። የግቢው ባለቤት የባለወፍጮው ታላቅ ወንድም መሆኑ ያኔ ገባኝ። ዘመድ ለልደቱ ከተሰበሰበ አይቀር የኔም ጉዳይ በዚያው ሊያልቅ ነው።

አባቴ የሚያውቀው ሱቅ ውስጥ እንደምሠራ ብቻ ነበር። ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሜ ሆዴን ያየዋል፤ እኔ መሆኔን አያውቅም።

«ልጅቱ ተጠይቃለች?» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«ተጠይቃለች» አለ አጎቴ።

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች! እንደ ጨዋ ልጅ ዝም አለች።»

«እንዲያ ከሆነ ቀኑን እንቁረጥ። አዝመራ ሲገባ ይሁን።»

አባቴ ጢሙን እየዳሰሰ «ልጅቷ ገና ናት እኮ...» ብሎ ጀመረ። አጎቴ አላስጨረሰውም። «አንተ ደግሞ! ወፍጮ ያለውን ሰው በር ላይ ያቆሙታል እንዴ?» ሰዎቹ ሳቁ።

እጄን ወደ ኋላ ልኬ ዚፑን ፈለግሁ። የጉማሬው እጅ ጣት የለውም። ጋዲሴ አልመጣችም። ሼህ እንድሪስ ዱዓ ሊያደርጉ መዳፋቸውን ዘርግተው አነሱ፤ ሌሎቹም አነሱ። ዱዓ ከተደረገ በኋላ ነገሩን ማፍረስ የሁለት ቤተሰብ ጠብ እንደሆነ አውቃለሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል።

«አባዬ!» አልኩ።

ቅድም እግሬ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ልጅ ዘለለች። «ሮቢን ዱባቴ! ሮቢን ዱባቴ! ሮቢ ተናገረ!» እያለች ጮኸች። ግማሾቹ ልጆች ሲያጨበጭቡ ግማሾቹ እያለቀሱ ወደ እናቶቻቸው ሮጡ።

አባቴ መዳፉን እንደዘረጋ ቀረ። ቀስ ብሎ ተነስቶ መጣና በጉማሬው አፍ ውስጥ አጮልቆ አየ።

«ሀዋ? አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ምን ዋጠሽ ልጄ?»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። «ሥራዬ ነው» አልኩት። ቀጥዬም፣ ማንም እንደማያየኝ ሳስብ ቃሉ ወጣ። «አባዬ፣ ያኔ ዝም ያልኩት እሺ ብዬ አይደለም። አልፈልገውም። መናገር አቅቶኝ ነው።»

ጋዲሴ ሻማዋን ይዛ ስትገባ አጎቴ ልብሱን ቀዶ ሊያወጣኝ የሥጋ ቢላዋ አንስቶ ወደ ጀርባዬ ይመጣ ነበር። «ጋሼ፣ እንዳትቀደው! የአዴ ጫልቱ ንብረት ነው!» ብላ መሃል ገባች። ሻማውን ዚፑ ላይ አሸችና እየሳበች እየመለሰች ከፈተችው። ጸጉሬ ግንባሬ ላይ ተለጥፎ፣ ቀሚሴ በላብ ረጥቦ ሰው ሁሉ ፊት ወጣሁ።

አጎቴ ቢላዋውን እንደያዘ ፊቴ ቆመ። «እስቲ ያልሽውን አሁን በገዛ ፊትሽ ድገሚው!»

አንገቴን ደፋሁ። አልቻልኩም። ከልብሱ ውጭ ያ ድምፅ የኔ አልነበረም። የሁሉም ዓይን አናቴ ላይ አለ፤ ጊዜው አልሄድ አለ። ይህ ዝምታዬም እንደ ፊተኛው ሊቆጠር ነው ብዬ ፈራሁ።

«አያችሁ!» አለ አጎቴ። «ዝም አለች። ዱዓው ይደረግ።»

«አይደረግም» አለ አባቴ። «መልሷን ሰምቻለሁ።»

«ከአውሬ ሆድ የወጣ ቃል፣ ቃል ነው?»

«ከየትም ይውጣ፤ የልጄን ድምፅ አላጣውም።»

ሼህ እንድሪስ መዳፎቻቸውን አጠፉ። «በዝምታዋ ልንሰጣት ነበር፤ በቃሏ ብንተዋት አይከፋም» አሉና ውሃ እንዲሰጡኝ አዘዙ።

ነገሩ በዚያ አልበረደም። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ቤታችንን አልረገጠም። አዴ ጫልቱም ወሬው ሲደርሳቸው «የሚናገር ሮቢ አልፈልግም» ብለው ልብሱን ለጋዲሴ ሰጡት። እሷ ደግሞ ከለበሰች በኋላ አፏን መዝጋት ስለማትችል ብዙም አልቆየችበትም።

ብርድ ልብሱን ገዛሁት። አሁን እዚሁ ነቀምቴ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ ብቻዬን ተከራይቼ እኖራለሁ። ደፋር የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ሰው ድንገት ሲጠይቀኝ ቃሉ ደረቴ ላይ ይቀራል። ባጃጅ ከመውረጃዬ አሳልፎ ይወስደኛል፤ ቀበሌ ስሄድ ሰልፌን ይነጥቁኛል። ሰው ቸኩሎ ነው የሚኖረው፤ ዝም ካልሽ የፈለገውን ያደርግልሻል።

አባቴ ግን በስልክ አንድ ነገር ሲጠይቀኝና ዝም ስል አይዘጋውም። «እሺ አልሽ ማለት ነው?» ብሎም አይቀድመኝም። ከወዲያ በኩል የጎረቤት ከብት ሲገባ፣ ዶሮ ሲጮህ፣ እሱም ሲተነፍስ ይሰማኛል። የስልኩ ካርድ እያለቀበት ይጠብቀኛል።