ራቢዓና ሳብ የሚለው ድምፅ

ራቢዓ ዋጃ ከተማ ዳር ማሽላ ዘርታ፣ ፍየል አርብታ ስድስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ስልሳ ዓመት ሲሞላት ግን «ቁርኣን ሳልቀራማ አልሞትም» ብላ መስጊዱ አጠገብ ካለው የሴቶች ክፍል ገባች።

አስተማሪዋ ሰልዋ ከልጆቿ ታንሳለች፤ ትዕግሥቷ ግን ልክ የለውም። ቢሆንም የዓረብኛው ፊደል ራቢዓን እንቢ አላት። ነጥብ ያለውን ከሌለው ባምታታች ቁጥር ወጣቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ መሆኑ አይጠፋትም።

«ልጄ፣ እኔስ ይብቃኝ» አለቻት ሰልዋን በአራተኛው ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ።

«ዛሬን ብቻ ይቀመጡ፣ እናቴ። የዛሬው በጆሮ ነው።»

ትምህርቱ መድ ነበር፤ ድምፅን ሳብ አድርጎ መቅራት። ሰልዋ የቱ ሁለት ጣት እስኪታጠፍ፣ የቱ አራት ጣት እስኪታጠፍ እንደሚሳብ አሳየች። ከዚያ እጇን ከሻሿ ስር ደብቃ አንድ ቃል ሁለቴ ቀራች።

«ልዩነት አለው?»

አስረኛ ክፍል የጨረሰችው ራዊያ «እኩል ናቸው» አለች። ሌሎቹም ተስማሙ።

«አይደሉም» አለች ራቢዓ በቀስታ። «ሁለተኛውን ጎተት አድርገሽዋል።»

ሰልዋ ተገረመች። አምስት ጊዜ ፈተነቻት፤ አንዱንም አልሳተችም።

«እንዴት አወቁት?»

ራቢዓ አያቷ ትዝ አሏት። ከብት ሲጠብቁ በኦሮምኛ ነበር የሚያወሯት።

«‹ቦና› ቶሎ ሲባል በጋ ነው፤ ‹ቦ› ሳብ ሲል ደግሞ ኩራት። በጋውን አርዝሜ ስጠራው ‹ምን አኮራሽ?› እያሉ ይስቁብኝ ነበር።»

አያቷ ከሞቱ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ ቃላቱም አብዛኞቹ ጠፍተውባታል። ጆሮዋ ግን የለመደውን አልለቀቀም።

«በአማርኛ ‹ገና› ሲላላና ሲጠብቅ ማንኛችንም እንለያለን» አለች ሰልዋ ለሴቶቹ። «‹ገ›ን ብንስበው ግን ትርጉሙ ስለማይለወጥ ልብ አንለውም። እሳቸው በልጅነታቸው ልብ ማለት ነበረባቸው።»

ከዚያ ወዲያ ራቢዓ ከሰልዋ ጎን መቀመጥ ጀመረች። ሌሎቹ ሲቀሩ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ ድምፁን ያሳጠረችዋን ሴት ጉልበቷን መታ ታደርጋታለች። ራዊያም በተራዋ ነጥቦቹን ታስጠናታለች። ፊደሉ ዛሬም አልገራላትም፤ የቁርኣን መክፈቻ የሆነውን ፋቲሓን ከገጹ ላይ አንብባ ለመጨረስ ዓመት ፈጅቶባታል። የጨረሰች ዕለት ሴቶቹ «ማሻአላህ!» ሲሉ እሷ ገጹን ገልብጣ ጣቷን ቀጣዩ መስመር ላይ አሳርፋ ነበር።

«ይኼኛውስ ፊደል ማነው?» አለች።