ፎርማት የተደረገው የአባባ ድምፅ

ወንድሜ ከከሚሴ ሲደውል ደስ ብሎት ነበር። እኔ አርባ ምንጭ ዙሁር ሰግጄ ገና ከመስገጃዬ አልተነሣሁም።

«እቴ፣ አብሽሪ፤ ኮምፒውተሩ ተሠራ።»

«እንዴት ተሠራ?»

«ፎርማት አስደረግሁት። አሁን እንደ አዲስ ነው።»

«የአባባ መንዙማስ?»

ከኋላው የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«እሱም አብሮ ይጠፋል እንዴ?»

አባባ ከሞተ ወዲህ ድምፁ የቀረን እዚያ ብቻ ነበር። የተቀዳበትን ካሴት ቴፕ በልቶታል፤ ደግነቱ ቀድሜ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬው ነበር። ወንድሜ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ሱቁ ለሰው ስልክ መንዙማ ይጭናል፤ ለወደደው ሁሉ የአባባንም ይመርቅለት ነበር። በየፍላሹ የሚመጣው ቫይረስ ሲያስቸግረው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የጫንሁለትም እኔው ነኝ።

ነገሩ በትንሹ ጀመረ። ደሴ ካለ ጓደኛው ድምፅ የሚቆርጥ ፕሮግራም አምጥቶ ቢከፍተው፣ ላይብረሪ የሚሉት የጋራ ፋይል ጎድሏል አለው። የጓደኛውም ሊኑክስ ነው፤ ግን ሌሎች ሰዎች ያሰናዱት፣ ሌላ ዓይነት። ወንድሜ ስሙ አንድ ከሆነ ዕቃውም አንድ ነው ብሎ የጎደለውን ከዚያ ቀድቶ በራሱ ኮምፒውተር በነበረው ቦታ ተካው። ያ ላይብረሪ ደግሞ ፕሮግራሙ ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ነው። ሲለወጥበት አንዱም መነሣት አቃተው፤ ኮምፒውተሩ አልከፍት አለ።

«የአባባ ድምፅ አልተነካም» አልሁት ያን ጊዜ በስልክ፣ ደጋግሜ። «ማስነሻ ሲዲ በሰው ልኬልሃለሁ፤ በሱ ከፍተን እናወጣዋለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።»

«እሺ፣ ኢንሻአላህ» አለ።

ደንበኛ ግን አይጠብቅም። «ማሽኑ ዱኤ እንዴ?» ይሉታል፤ ሞተ ወይ ማለታቸው ነው። «እንግዲያ ቤቱን ለሻይ ቤት አከራየው።» በኛ አገር ደግሞ ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ሲዲው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ከሚሴ ሄጄ ኮምፒውተሩን ፈተሽሁት። በጠፋው ድምፅ ላይ ፊልም ተጭኖበት ነበር፤ አንዲት ስንኝ እንኳ አላገኘሁም።

ቀድር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው እላለሁ። አልሐምዱሊላህ ማለትም አልተውሁም። ግን ከሰገድሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ላስታውሰው ስሞክር ግጥሙ ይመጣል፤ ድምፁ አይመጣም።

ያን ጊዜ ከዚያች ሱቅ መንዙማ ያስጫናችሁ፣ ከከሚሴም ከሰንበቴም ከባቲም የመጣችሁ፣ አሮጌ ስልካችሁን ከመጣላችሁ በፊት አንዴ ክፈቱት። ድቤ የሌለው፣ በመሐሉ ሳል የሚያቋርጠው የሽማግሌ ድምፅ ካገኛችሁ አባቴ ነው። እባካችሁ አታጥፉት።